በቤቷ አሳምራ የምትጫወት ልጅ በፈታኞች ፊት ለምን ይጠፋባታል? ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ17 ዓመት ልጄ ቫዮሊን ከጀመረች 10 ዓመት ሆኗታል። በዲሴምበር መጀመሪያ የቅድመ ምርጫ ቪዲዮ ልካ ሦስት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ለኦዲሽን (በፈታኞች ፊት ለሚደረግ የመጫወት ፈተና) ጠርተዋታል። የመጀመሪያው ሊደርስ 5 ሳምንት ቀርቶታል፤ ሁለተኛው ከእሱ 6 ቀን በኋላ ነው። የምታቀርበው የብሩኽን የቫዮሊን ኮንቼርቶ (ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) አንደኛ ክፍል፣ ከባኽ ሦስተኛ ፓርቲታ (የዳንስ ክፍሎች ስብስብ) ፕሬሉዲዮ የተባለውን መግቢያና ሉር የተባለውን ዳንስ፣ አንድ የሮድ ካፕሪስ (አጭር የቴክኒክ ማጥኛ ሥራ)፣ እንዲሁም ስኬል (ድምፆችን በቅደም ተከተል ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት) ነው። ቤት ውስጥ ስትጫወት ጎረቤት ቆሞ ያዳምጣታል፤ በሰው ፊት ስትቆም ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዜማው ይፈጥንባታል። አምና ለወጣቶች ኦርኬስትራ ተፈትና በዚሁ ምክንያት ሳታልፍ ቀረች። በቀን ስንት ሰዓት ትለማመድ? የልብ ምት የሚያረጋጋ ክኒን የሚወስዱ አሉ ይባላል፤ ለእሷ ይሆናት ይሆን? ሦስተኛው ኦዲሽን ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ውድ እኅቴ፣ ጥያቄዎ ሦስት አራት ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው ብዬ ስለማምን፣ ስለ ሰዓቱም ስለ ክኒኑም ስለ ጾሙም ከመመለሴ በፊት ልጅዎ የጎደላት ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ሦስት ትምህርት ቤቶች ቪዲዮዋን ተመልክተው «ነይ» ብለዋታል። ቅድመ ምርጫ የተበጀው ደረጃው ያልደረሰ አመልካች የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ሳያወጣ ከወዲሁ እንዲያውቀው ነውና፣ እዚያ ያለፈች ልጅ መጫወት ትችላለች። ይህን ጥርጣሬ ከዛሬ ጀምሮ ከቤታችሁ አውጡት።

አሁን ያ ቪዲዮ እንዴት እንደ ተቀረጸ ያስታውሱ። በብዙ ተማሪዎች ቤት እንዳየሁት ስልኩ ማቆሚያ ላይ ተተክሎ፣ አንዱ ክፍል ሃያና ሠላሳ ጊዜ ተቀርጾ፣ ከሁሉም የተሻለው ተመርጦ ይላካል። የዕለት ልምምዱም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ተማሪው አንድ አስቸጋሪ ቦታ ሰባት ጊዜ ይስተዋል፣ በስምንተኛው ይሳካለታል፣ «ገባኝ» ብሎ ያልፋል። ጎረቤት ቆሞ የሚያዳምጠው ይህንን ስምንተኛውን ነው። ፈታኞቹ የሚሰሙት ግን አንደኛውን ብቻ ነው። ልጅዎ ዐሥር ዓመት ሙሉ ስምንተኛውን ስትለማመድ ኖራ አንደኛውን የምትሞክረው በዓመት አንድ ቀን፣ ያውም ከሁሉም በከበደው ቀን ነው። እጇ ቢንቀጠቀጥ አይደንቅም፤ ያልለመደችውን ሥራ እየሠራች ነው። ስለዚህ በእነዚህ 5 ሳምንታት የሚያስፈልጋት «የመጀመሪያው ሙከራ» ራሱን የቻለ ክህሎት መሆኑን አውቃ እሱን በየቀኑ መለማመድ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚች አንዲት ነገር የሚወጣ ነው።

ይህን ከሰው ሰምቼ አላወቅሁትም። ወጣት ሳለሁ ለአንድ ኦርኬስትራ የሁለተኛ ቫዮሊን ቦታ ተወዳድሬ ነበር። በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፋ በመጣው ልማድ የመጀመሪያው ዙር ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚካሄድ ነው፤ የተወዳዳሪው ጫማ ድምፅ እንኳ ወንድ ይሁን ሴት እንዳያሳብቅ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። መጀመሪያ የተጠየቅሁት የሪቻርድ ሽትራውስን የ«ዶን ህዋን» የመጀመሪያ ገጽ ነበር፤ ቫዮሊን ተጫዋች ሁሉ ለኦርኬስትራ ፈተና የሚያጠናው ገጽ ነው። በቤቴ በሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ መሣሪያ) ሠርቼበት ነበር፤ ፍጥነቱም በጣቴ ጫፍ ላይ ነበር። ምንጣፉ ላይ ቆሜ ቫዮሊኑን ሳነሳ ግን ልቤ ከወትሮው በጣም ፈጥኖ ይመታ ስለ ነበር፣ ሳላውቀው ፍጥነቱን የወሰድኩት ከልቤ ምት ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቶቼ ሊደርሱበት የማይችሉት ፍጥነት ውስጥ ገብቼ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ «እናመሰግናለን» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ በዚያው ተመለስኩ። አስተማሪዬ ስነግረው አላጽናናኝም፤ «ያንን ገጽ ጠዋት ተነሥተህ፣ ሳትሞቅ፣ በመጀመሪያ ሙከራህ በትክክል የተጫወትክባቸው ቀኖች ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቆጥሬ አላውቅም ነበርና መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እቆጥራለሁ፣ ተማሪዎቼንም አስቆጥራለሁ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አንድ ደብተር ይግዙላት፤ ደብተሩ ለዚህ ብቻ ይሁን። የምታቀርባቸውን ነገሮች በትንንሽ ወረቀት ጽፋ በስኒ ውስጥ ታስቀምጥ፤ ብሩኽ፣ ፕሬሉዲዮ፣ ሉር፣ ሮድ፣ ስኬል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ቫዮሊኗን አውጥታ ቃኝታ አንድ ዕጣ ታውጣ። የወጣውን ያለ ማሟሟቂያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትጫወተው። ቢበላሽ አትቆምም፣ አትመለስም፣ «አንዴ ልድገመው» አይባልም። ሲያልቅ ቫዮሊኑን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ያወጣችውን፣ የተሰናከለችበትን ቦታና በዚያች ቅጽበት ምን ታስብ እንደ ነበር ሁለት መስመር ትጻፍ። ልምምዱ ማታ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መራራ ይሆናሉ፤ እርስዎም ከማብሰያ ቤት ሆነው የሚሰሙት ድምፅ እስከ ዛሬ ከሚያውቁት የከፋ ይሆናል። አይደንግጡ። ይህ ድምፅ ድሮም ነበረ፤ አሁን ብቻ ነው ቤታችሁ ውስጥ የተሰማው። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ደብተሩ ራሱ ይናገራል፤ ስሕተቶቹ በየቦታው የተበተኑ እንዳልሆኑና በአብዛኛው በአራት ወይም በአምስት ቦታዎች ላይ እንደሚደጋገሙ ታያለች። ማታ የምትሠራው እነዚያን ቦታዎች ነው፤ በቃ። በተማሪዎቼ ዘንድ ደብተሩ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፦ «እፈራለሁ» የሚለው ደመና ወደ «ፕሬሉዲዮ ሁለተኛው ገጽ ላይ ወደ ሌላው ክር ስዞር እሳሳታለሁ» ወደሚል በእጅ የሚያዝ ነገር ይለወጣል።

አሁን ወደ ዘፈኖቿ ልግባ፤ ምክንያቱም መርበትበት በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የሚመጣበት በር የተለየ ነው።

የብሩኽ የመጀመሪያ ኮንቼርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርቦ በ1868 በታረመ መልኩ የተሰማው፣ የሶሎ ቫዮሊኑ መግቢያ ከቫዮሊን ድምፆች ሁሉ ዝቅተኛው በሆነው በጂ ክር ላይ፣ ምንም ጣት ሳያርፍበት በሚጎተት አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ጣት ስለማያርፍበት ቪብራቶ (ድምፁን የሚያርገበግብ የጣት እንቅስቃሴ) አይደረግበትም፤ ግራ እጅ ምንም ሊረዳ አይችልም። ድምፁ በሙሉ የቀኝ ክንድና የደጋን ሥራ ነው። የምትንቀጠቀጥ ክንድ መደበቂያ የማታገኝበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ ኦዲሽን ላይ በብዛት ከሚመረጡት ኮንቼርቶዎች አንዱ ስለሆነም ፈታኞቹ ይህችን አንዲት ድምፅ በዚያው ቀን ደጋግመው ሲሰሙ ይውላሉ፤ ጥራቷን ለመለየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅባቸውም።

የሚንቀጠቀጥ ደጋን መንሥኤው የሚታወቅ ነው። ሰውነት አድሬናሊን ሲለቅ ጡንቻ ይወጠራል፣ የእጅ ቆዳ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ስለዚህ እጅ ይቀዘቅዛል። ተጫዋቹ ደጋኑ እንዳያመልጠው አውራ ጣቱን ያጠብቃል፤ አውራ ጣት ሲጠብቅ የእጅ አንጓ ይቆለፋል፤ የተቆለፈ አንጓ የክንዱን ትንሿን መንቀጥቀጥ ሁሉ ወደ ክሩ ያስተላልፋል። ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ቀጣዩ ነገር ደግሞ ደጋኑን ቀስ አድርጎ፣ በጥንቃቄ መጎተት ነው፤ ይህም ነገሩን ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ዝግ ብሎ የሚሄድ ደጋን ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ደጋኑን ከአየር አታምጣው፤ አስቀድማ ክሩ ላይ ታሳርፈው፣ የክንዷን ክብደት እንደ እርጥብ ፎጣ ትልቀቀው፣ አየሩን ከደረቷ ሙሉ በሙሉ ታስወጣ፣ በዚያው ትንፋሽ መጨረሻ ላይ ከለመደችው ይልቅ ብዙ ደጋን በመጠቀም ትጀምር። ይህንን ከፈታኝ ፊት የምታስታውሰው ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ ከተለማመደችው ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ከሕንፃችሁ ደረጃ ሦስት አራት ፎቅ ሮጣ ወጥታ፣ እያለከለከች ቫዮሊኗን አንሥታ ያችን አንዲት ድምፅና የምትከተላትን ሐረግ ትጫወት። ልብ የሚፈጥነው ከፍርሃትም ይሁን ከደረጃ ክንድ የሚሰማው ያው ነው። በክረምት ደግሞ እጇን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ መሞከሯ ጥሩ ነው፤ ወደ ኦዲሽን የምትገባው በየካቲት ብርድ፣ ከኮሪደር ነውና።

የባኽ ፕሬሉዲዮ ችግሩ ሌላ ነው። 138 ባር (ሙዚቃው የሚከፈልበት የምት ክፍል) ከሞላ ጎደል ያለማቋረጥ የሚሮጥ ሥራ ነው፤ ደጋኑ ስለሚሮጥ መንቀጥቀጥ ብዙም አይታይበትም፤ እዚህ የሚያጠፋው ፍጥነት ነው። ልብ ይበሉ፣ ፕሬሉዲዮው የሚጀምረው በድምፅ አይደለም፤ የመጀመሪያው ባር አፍ ላይ አጭር ዕረፍት አለች። ብዙ ተማሪ ይህችን ዕረፍት ከቁጥር አያስገባትም፤ ዘሎ ይገባል፤ እኔ ዶን ህዋን ላይ እንደ ሆንኩት ሁሉ ፍጥነቱን ልቡ ይወስንለታል። ልጅዎ ቫዮሊኑን አንገቷ ሥር ካደረገች በኋላ ከመጀመሯ በፊት በልቧ መዝፈን ያለባት መክፈቻውን ሳይሆን አስቸጋሪውን ቦታ ነው፤ ደጋኑ በሦስት ክሮች መካከል የሚመላለስበትን፣ ባዶው የኢ ክር እየደጋገመ የሚሰማበትን ቦታ። እዚያ የሚያስኬዳትን ፍጥነት ሁለት ባር በውስጧ ዘፍና፣ በዚያው ምት ዕረፍቷን ቆጥራ ትግባ። ይህ ሁሉ አምስት ሰከንድ አይሞላም። ፈታኞች አምስት ሰከንድ ዝምታ አይሰለቻቸውም፤ እንዲያውም የሚጀምረውን የሚያውቅ ሰው ፊታቸው እንደ ቆመ ይገባቸዋል።

ደግሞ ይኸው ያልኩት የክር ምልልስ በሥራው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ በኢ ክር ዙሪያ፣ ኋላ ደግሞ አንድ ክር ወደ ታች ወርዶ በኤ ክር ዙሪያ። ጣቶቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ አእምሮ ሲደነግጥ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ይዞ ይሄድና ተጫዋቹ ራሱን ከሃምሳ ባር በፊት ያገኘዋል። በቃል የተያዘ ነገር በጣት ብቻ ከተያዘ አይታመንም። እዚህ ላይ የአገራችንን የዜማ ተማሪ አስባለሁ፤ ያለ መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ብርሃን፣ የተቀበለውን በአፉ እየደጋገመ አጥንቶ በማግስቱ ለየኔታ ያሰማል፤ ከተሳተም የኔታ ከተሳተበት ቦታ ያነሡታል። ልጅዎም ቫዮሊኑን ሳትነካ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ከእነዚህ ሁለት የክር ምልልስ ቦታዎች ከእያንዳንዳቸው አራት ባር ቀድማ ጀምራ በአፏ ትዝፈናቸው፤ የትኛው ክር ላይ እንዳለች በቃል እየተናገረች። እንዲሁም በአራቱም ሥራዎች ውስጥ ከመሃል መነሣት የምትችልባቸው አምስት አምስት ቦታዎች ይኑሯት። ፈታኞች «ዋናው ዜማ ከሚመለስበት ጀምሪ»፣ «ከዚህ መስመር አሰሚን» ማለት ይወዳሉ፤ ከመጀመሪያው ብቻ መነሣት የሚችል ተጫዋች እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ሉር የተረጋጋ ዳንስ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም፣ ዳንስ መሆኑን አትርሳ። የሮዱን ካፕሪስ አስተማሪዋ ከያዘችው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጋ ትያዘው። ስኬሉ ግን አይናቅ፤ ቅላጼዋ ንጹሕ መሆኑን ፈታኞች አስቀድመው የሚሰሙት በእሱ ነው።

«በምን ትጀምሪያለሽ?» ብለው ከጠየቋት በፕሬሉዲዮ ትጀምር። ደጋኗ ሮጦ ሲሞቅ ብሩኽ ላይ የምትደርሰው ክንዷ ከተፈታ በኋላ ነው። ሌሎች አስተማሪዎች ኮንቼርቶውን ማስቀደም ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውንም አውቃለሁ፤ ለእሷ ግን፣ ባወሩልኝ መሠረት፣ ይህ ይሻላል። ብሩኽን አስቀድሚ ካሏትም የጠዋቱ ዕጣ ለዚያ አዘጋጅቷታል።

አሁን እርስዎ ራስዎ የሚሠሩት ሥራ አለ። ከአሁን እስከ መጀመሪያው ቀን ቢያንስ ዐሥር የልምምድ ኦዲሽን ያስፈልጋታል፤ ፈታኝ ሙዚቀኛ መሆን የለበትም። ቡና በሚፈላበት ቀን ሦስት አራት ጎረቤቶች ይጥሩ፤ ነገር ግን ሥርዓቱን አስቀድመው ያስረዷቸው። ከወንበር ሳይነሡ፣ ፊታቸው ላይ ወረቀት ይዘው፣ ሳይስቁ ሳይቆጡ ይቀመጡ። እሷ ከኮሪደር፣ ለኦዲሽን የምትለብሰውን ልብስና ጫማ አድርጋ ትግባ። ስትጨርስ አይጨበጨብ፣ እልል አይባል፤ ይህ ለእኛ ሰው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ፈታኞቹ አያጨበጭቡላትምና ዝምታውን ከወዲሁ ትልመደው። ከጎረቤቶቹ አንዷ በፈለገችበት ቦታ፣ በጣም በሚያምረው ሐረግ መሃል ሳይቀር፣ «አመሰግናለሁ፣ ይበቃል፣ ቀጣዩን» ትበል። ለአንድ አመልካች የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ስለሆነ ፈታኞች ማቋረጣቸው የማይቀር ነው፤ የፈለጉትን ስለሰሙ ያቋርጣሉ። ይህን የማያውቅ ልጅ «ጠሉኝ» ብሎ ቀሪውን ያበላሻል። አንዷ ጎረቤት ወረቀት ብትጥል፣ ሌላዋ ብታስል፣ ስልክ ቢጮህ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ቡናው ይጠጣል፤ ስለ አጨዋወቷ ግን በዚያ ምሽት አይወራ። እሷ ደብተሯን ትጻፍ።

ስለ ሰዓቱ የጠየቁኝ ላይ አጭር ነኝ። ትምህርት ቤት ለምትውል ልጅ በቀን 3 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ 4 ሰዓት ይበቃታል፤ እሱም በ45 ደቂቃ እየተከፈለ፣ በመካከሉ እውነተኛ ዕረፍት እየኖረው። ብዙ ወላጆች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሰዓት በማብዛት ሊሞሏቸው ይሞክራሉ፤ ልጆቹም የእጅ ጅማት ታሞባቸው፣ አንገታቸው ደርቆ ይመጣሉ። ልምምዱ በድንገት እጥፍ ሲሆን የሚጎዳው አካል ነው። በመጨረሻው ሳምንት እንዲያውም ሰዓቱ ወደ ግማሽ ይውረድ። በአንድ ተቀማጭ አንዱን ቦታ ሃምሳ ጊዜ ከመደጋገም ይልቅ አራቱን ቦታዎች እያፈራረቀች አምስት አምስት ደቂቃ ትሥራቸው፤ በየጊዜው ስትመለስበት ቦታው እንደገና «የመጀመሪያ ሙከራ» ይሆናል።

ክኒኑን በተመለከተ የሚነገረው ፕሮፕራኖሎል የሚባለው መድኃኒት ነው። አድሬናሊን በልብ ላይ የሚያደርሰውን ውጤት ስለሚገታ የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ ብዙ ሙዚቀኞች እንደሚወስዱትም እውነት ነው። ይሁንና በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ አስም ላለበት ሰው እጅግ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ የደም ግፊት ዝቅተኛ ለሆነበትም አይመከርም። ከጓደኛ ቦርሳ የወጣ ክኒን በምንም ዓይነት አትውሰድ። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ በ17 ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ሙከራን አንድም ቀን ሳትለማመድ ወደ መድኃኒት መሄድ የለባትም። ዐሥሩን የልምምድ ኦዲሽን አድርጋ፣ ደረጃውን ሮጣ፣ አሁንም ደጋኗ ክሩ ላይ ካልቆመ፣ ያኔ ሐኪሟን አማክሩ፤ ሐኪሙ ቢፈቅድም በፈተናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክረው።

ስለ ጾሙ ሃይማኖታዊውን ነገር የመወሰን ሥልጣን የለኝም፤ እሱን ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡ፣ ለተማሪና ለመንገደኛ ምን እንደሚሉ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ መናገር የምችለው ስለ ሰውነት ነው። ኦዲሽኖች በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ማርች መጀመሪያ ስለሚካሄዱ ጾመ ነነዌም የዐቢይ ጾም መግቢያም ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ላይ ይወድቃሉ፤ የእኛ ልጆች በየዓመቱ የሚገጥማቸው ጉዳይ ነው። ልጅዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነና ሰዓቷ ከረፋዱ አምስት ላይ ከሆነ፣ ባዶ ሆድ መንቀጥቀጡን ያጎላዋል። ውሳኔያችሁ መጾም ከሆነ ቢያንስ ሦስቱ የልምምድ ኦዲሽኖች በዚያው ሰዓት፣ በጾም ይደረጉ፤ ሰውነቷ ሁኔታውን ቀድሞ ይወቀው። ከቁርስ በኋላ የምትገባ ከሆነም የጾም ምግቡ የለመደችው፣ ሆድ የማይነፋ ይሁን፤ ሽሮና ምስር በዚያ ጠዋት ይቅርባት፣ ሙዝና ዳቦ ይበቃታል። ቡናም ካልለመደች ያን ቀን አትጀምር።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን በቅርበት ስላየሁት ነው የምናገረው፣ ቅር አይበልዎ። በእኛ ቤት ልጅ ለብቻዋ አትፈተንም፤ አያት፣ አክስት፣ የአዲስ አበባው አጎት፣ የደብሩ ሰው ሁሉ አብሮ ይፈተናል። ይህ ፍቅር ነው፤ በፈተናው ጠዋት ግን በስልክ ከስድስት አቅጣጫ ሲመጣ ሸክም ነው። አንዲት ተማሪዬ ወደ ፈተናው ክፍል ልትገባ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት ከአገር ቤት የተደወለላትን ስልክ አነሣች። አያቷ መርቀዋት፣ አልቅሰው፣ «አደራሽን፣ የእናትሽን ልፋት አስቢ» ብለው ዘጉ። ልጅቷ ስትገባ የያዘችው ቫዮሊን ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ቀኑን ከቤታችሁ ውጭ ለማንም አትንገሩ፤ ዘመድ ሲጠይቅ «በዚህ ወር ውስጥ ነው» ይበቃል፤ ምርቃቱን ከሳምንት በፊት ተቀበሉት። እርስዎም ስላወጡት ገንዘብ፣ ስለ ሠሩት ተጨማሪ ሰዓት በእነዚህ 5 ሳምንታት አያንሡባት። ታውቀዋለች።

የመንገዱ ነገር አጭር ነው። ክሮቹ አሮጌ ከሆኑ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለወጡ፤ አዲስ ክር እስኪረጋ ቅኝቱ ይወርዳል። በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ መቃኛዎቹ ይንሸራተታሉ፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መጠበቂያ አይጥፋ። በ2015 ሥራ ላይ በዋለው የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት ቫዮሊንን የሚያክል መሣሪያ በመሳፈሪያ ክፍሉ ውስጥ ቦታ እስካለ ድረስ ከመንገደኛው ጋር ይገባል፤ ቦታው ሳይሞላ ለመድረስ ቀድማችሁ ተሳፈሩ፣ ለጭነት ክፍል ግን በፍጹም አሳልፋችሁ እንዳትሰጡት። አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። በማሟሟቂያው ክፍል ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ልጅ ብሩኽን ሲያንበለብል መስማቷ አይቀርም። እሷ ዝግ ያለ ስኬልና ረጃጅም ደጋን ብቻ ትሥራ፤ ኮንቼርቶውን እዚያ ከተጫወተችው የመጀመሪያውን ሙከራ በኮሪደር አባከነችው ማለት ነው።

ከፈተናው ስትወጣ «እንዴት ነበር?» ብለው አይጠይቋት። ኮቷን ይስጧት፣ የሚበላ ነገር ይፈልጉላት፣ ማውራት ከፈለገች ራሷ ታነሣዋለች። ማታ፣ ነገሩ ሳይረሳ፣ ደብተሯ ላይ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ሁለት መስመር ትጻፍ፤ ምን አስቀደሙ፣ የት አቋረጧት፣ ጂ ክሩ ላይ ደጋኗ ምን አደረገ። በማግስቱ ትረፍ። ከማግስቱ ማግስት ጠዋት ስኒው ውስጥ እጇን ከትታ አንድ ዕጣ ታውጣ፤ ለሁለተኛው ኦዲሽን አራት ቀን ይቀራታል።